ከጋፋት እስከ መቅደላ፦ ዐፄ ቴዎድሮስና የከባድ ጭነት ጉዞ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዴት አቅራቢያ ለሚከናወን የመንገድ ሥራ አንድ ሰፊ ገልባጭ መኪና ከፍኖተ ሰላም በተሳቢ ጭኖ የማድረስ ኃላፊነት በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ላይ ወድቆ ነበር። መኪናው ለካባ ሥራ የተሠራ እንጂ በአስፋልት ላይ እንዲሄድ የታሰበ አልነበረም። ስፋቱም ከተሳቢው ወለል በሁለቱም ጎን ስለ ተረፈ የጎማዎቹ እኩሌታ በአየር ላይ ሊንጠለጠል ሆነ። በመሆኑም ከሻንሲው ግራና ቀኝ የብረት ክንፎች በይደን ወለሉን አሰፋነው። ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላንና መራዊን አልፈን ባሕር ዳር እስክንደርስ ድረስ ምንም እንከን አልገጠመንም። ወደ አዴት ከታጠፍን በኋላ ግን በአንድ ቁልቁለት ላይ አንደኛው ክንፍ ተጣመመ፤ ሰንሰለቱ ረገበ፤ ገልባጩም ወደ ጎን ሸሸት አለ። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ አቀዝቅዞ በማቆሙ በሰው ላይ ጉዳት ሳይደርስ ቀረ። ስሕተቱ የእኛው ነበር። ሰንሰለቱን ለእጃችን እንደ ቀረበልን ከበየድነው ክንፍ ላይ አሠርነው እንጂ ሸክሙን ሁሉ ከሚችለው ከዋናው ሻንሲ ላይ አላሠርነውም።

ከጎማው ሥር ድንጋይ እየወሸቅን ሳለን በዚያ ያልፉ የነበሩ አንድ አዛውንት ገበሬ ቆመው ተመለከቱንና ቴዎድሮስ መድፋቸውን ያለ መኪና ማድረሳቸውን አስታውሰውን መንገዳቸውን ቀጠሉ። የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ከባድ ጭነት ማጓጓዝ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ ወዲያው ትዝ ያለኝ የእኚያ አዛውንት ንግግር ነው። ስለዚህ የተከበሩ የሙያ ባልደረቦቼ በዚህ ገጽ የሚያገኙት የአንድ ንጉሥ የሕይወት ታሪክ ነው፤ የሚተረከው ግን በጭነቱ፣ በሠረገላውና በመንገዱ በኩል ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸውን በሕፃንነታቸው በማጣታቸው እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግር እንዳሳደጓቸው ይነገራል። ለትምህርት ወደ ገዳም ገብተው ፊደል ቆጠሩ፤ ዳዊት ደገሙ። ዘመኑ የመሳፍንት ዘመን ስለ ነበር ግን ገዳሙም ከዝርፊያና ከእሳት አልዳነም። ካሣ ከጥፋቱ ተርፈው ወደ ቋራ ተመለሱ፤ በኋላም ሸፍተው በበረሃ የራሳቸውን ጦር አደራጁ።

በመጋቢት 1840 ዓ.ም. በሱዳን ወሰን ደባርቂ በተባለው ስፍራ ምሽግ ይዞ ከጠበቃቸው የግብጽ ጦር ጋር ገጠሙ። የካሣ ሰዎች ጀግንነት አልጎደላቸውም፤ ይሁን እንጂ ጎራዴና ጋሻ በመድፍ ፊት ምን ያህል ዋጋ እንደሌለው በዚያ ቀን ታየ። ብዙ ሰው አልቆባቸው አፈገፈጉ። ከዚያ ሽንፈት በኋላ የመድፍ ነገር ከካሣ ልብ አልወጣም። ከሃያ ዓመት በኋላ በመቅደላ ላይ የምናገኘው ታላቅ መድፍ መነሻው ደባርቂ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ድል ፈጣን ነበር። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ተሸንፈው ሞቱ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በጎጃም ምድር አይሻል ላይ የራስ ዓሊ ጦር ተፈታ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ድል ከሆኑ በኋላ ካሣ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት የተበታተነችውን አገር በአንድ ሥርዓት ሥር ለማዋል ሲነሡ ሁለት ነገሮች እንደሚያስፈልጓቸው ተረድተው ነበር። አንደኛው መሣሪያ፣ ሁለተኛው መንገድ ነው። መንገድ የሌለው መሣሪያ ካለበት አይነቃነቅም። ስለሆነም ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃምና ወደ መቅደላ የሚወስዱ መንገዶች እንዲሠሩ አዘዙ። ንጉሡ ራሳቸው ከማለዳ ጀምሮ ድንጋይ ሲያነሡና ሲፈነቅሉ የተመለከቱ የውጭ አገር ሰዎች በአድናቆት ጽፈዋል። የእጅ ሥራ በሚናቅበት፣ አንጥረኛና ሸማኔ ዝቅ ተደርጎ በሚታይበት አገር ንጉሥ ድንጋይ መሸከሙ እኛን ለመሰለ ባለሙያ ቀላል ነገር አይደለም።

ለመሣሪያው ደግሞ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት የብረታ ብረት መንደር ተቋቋመ። በዚያ የሠሩት ለስብከት የመጡ የአውሮፓ ሚስዮናውያንና ባለ እጆች ነበሩ። ቴዎፍሎስ ቫልድማየር፣ ዛልሙለርና መድፍ በማቅለጥ የታወቀው ሞሪትዝ ሆል ከእነርሱ መካከል ይጠቀሳሉ። ከጎናቸውም ሥራውን የሚማሩና የሚያግዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ መድፍ መሥራትን ቀደም ሲል አያውቁም ነበር። በከሸፈ ሙከራ እየተማሩ፣ ምድጃ እያፈረሱና እንደ ገና እየገነቡ በመጨረሻ ንጉሡ የፈለጉትን አደረሱ። በክራይሚያ ጦርነት ስመ ጥር በሆነችው ከተማ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል።

ሴባስቶፖል በተሠራበት ጊዜ ግን መንግሥቱ የቀድሞው መንግሥት አልነበረም። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ የተላከው ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ቆንስሉ ካሜሮን በጥር 1856 ዓ.ም. ታሠረ፤ ሊያስፈታው የመጣው ራሳምም በኋላ እስረኛ ሆነ። በአገር ውስጥ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ። በላስታ ዋግሹም ጎበዜ፣ በጎጃም ተድላ ጓሉ አልገዛም አሉ። ከቤተ ክህነት ጋር በመሬት ጉዳይ የተነሣው ጠብ አልበረደም። ስንቅ ያጣው ጦር በጌምድርን ዘረፈ፤ ገበሬውም ሸሸ። ንጉሠ ነገሥቱ የሚያዙት ምድር እየጠበበ ሄዶ የደብረ ታቦር አካባቢና የመቅደላ አምባ ብቻ ቀራቸው።

በመስከረም 1860 ዓ.ም. ማብቂያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። ጉዞው ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተፈጸመ። መንገዱ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ይወጣል፤ ከዋድላ በጅጣ ሸለቆ ወርዶ ወደ ደላንታ ይወጣል፤ ከደላንታም እንደ ገና ወደ በሽሎ ወርዶ ወደ መቅደላ ይዘልቃል። ጅጣም ሆነ በሽሎ ከአፋፍ እስከ ወንዝ 1 ሺህ ሜትር ገደማ የሚወርዱ ገደሎች ናቸው። ሴባስቶፖልን የተሸከመውን ሠረገላ ለመሳብ 500 ሰው ይታጠቅ ነበር።

እዚህ ላይ ትረካውን ለጥቂት ጊዜ ገታ አድርገን ነገሩን በሙያችን እንመዝነው። ለአራት ሜትር ጉዞ አንድ ሜትር የሚወጣ ዳገት ቢታሰብ 7 ቶን ክብደት ወደ ኋላ የሚጎትተው 1.7 ቶን በሚሆን ኃይል ነው። ይህ ለ500 ሰው ቢካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 3 ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ለምን አስፈለገ? መልሱ ከወረቀት ውጭ ያለው ነው። ሠረገላው ራሱ ክብደት አለው፤ ጎማው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ድንጋይ ሲገጥመው መዝለል አለበት። የቆመውን ማስነሣት የሚሄደውን ከመሳብ ይብሳል። አምስት መቶ ሰው በአንድ ቅጽበት እኩል አይስብም። በጥምዝምዝ መንገድ ላይ ደግሞ ረጅሙ ጠፍር ቀጥ ለማለት ስለሚሞክር ሠረገላውን ወደ መንገዱ ጠርዝ ይስበዋል፤ ስለዚህ ከሳቢው እኩሌታው የሚስበው ወደማይፈለግ አቅጣጫ ነው።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ቁልቁለቱ ነው። በዳገት ላይ የደከመ ሰው ድንጋይ ከጎማ ሥር አስገብቶ ያርፋል። በቁልቁለት ላይ ያው 1.7 ቶን ከኋላ ወደ ፊት ይገፋል፤ ጠፍሩ አንድ ጊዜ ከተበጠሰ የሚያቆመው የለም። ዛሬም በተሳቢ ላይ ሰፊ መኪና የሚጭን ባልደረባችን ሞተሩ ይስብ እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ፍሬኑ ይይዝ እንደሆነ፣ ማሠሪያው ሻንሲውን ጨብጦ እንደሆነ፣ የጭነቱ መካከል ከተሳቢው መካከለኛ መሥመር ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ እንዳይሆን መመርመር ይገባዋል። ወለሉ ሲሰፋም የተጨመረው ክንፍ ጎማውን ከሥሩ ይደግፍ እንጂ ሸክሙን ለማሠሪያነት አይያዝ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ችግሩን የፈቱት ከመንገዱ በመነሣት ነው። መድፉ ሊከፋፈል አይችልም፤ ሠረገላውም ከመድፉ ሊያንስ አይችልም። ሊለወጥ የሚችለው መንገዱ ብቻ ስለሆነ ቋጥኙ እየተፈለጠ፣ ገደሉ እየተደለደለ ለጭነቱ የሚበቃ መንገድ ወጣለት። በቀን የሚጓዙት በሠሩት መንገድ ልክ ብቻ ነበር። ንጉሡም ከሠራተኛው ተለይተው በድንኳን አልተቀመጡም፤ በዚያ ጉዞም እጃቸው ከድንጋዩ አልተለየም። በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል መቅደላ ደረሰ።

በሌላ በኩል ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ ከዙላ የባሕር ዳርቻ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይመጣ ነበር። የእንግሊዞቹ መፍትሔ የተለየ ነው። የተራራ መድፋቸው ተፈታትቶ በበቅሎ ይጫናል፤ ከባዱን ደግሞ ከሕንድ ያመጧቸው ዝሆኖች ይሸከሙታል። አንደኛው ወገን መንገዱን ለጭነቱ አሰፋ፤ ሌላው ጭነቱን ለመንገዱ አሳነሰ። የሚያስገርመው ግን የናፒየር ጦር ከጅጣ እስከ በሽሎ የወረደውና የወጣው ንጉሡ ለሴባስቶፖል ባስወጡት መንገድ ላይ መሆኑ ነው። የእንግሊዝ መኮንኖችም የመንገዱን ሥራ አድንቀው ጽፈዋል።

የቀረው ታሪክ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ከውጊያው አንድ ቀን አስቀድሞ በንጉሡ ቁጣ ብዙ አገርኛ እስረኞች ወደ ገደል ተጣሉ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ያ ሁሉ ልፋት የፈሰሰበት መድፍ አንዳች ውጤት ሳያስገኝ ቀረ፤ ታማኙ ፊታውራሪ ገብርዬም በዚያ ወደቁ። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች አምባውን ሰብረው ሲገቡ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ይልቅ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ ምስሉ ደግሞ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

እኛ መሐንዲሶች ይህን ታሪክ ስንሰማ አብዛኛውን ጊዜ የምናደንቀው የመድፉን ክብደትና የንጉሡን ጽናት ነው። አድናቆቱ ይገባል። በዚያ ዘመን መሣሪያ 7 ቶን ጭነት በጅጣና በበሽሎ ማሳለፍ በሥራነቱ የተሳካ ሥራ ነው። ነገር ግን ሥራው የተሳካው ጭነቱን ይሸከም የነበረው ዋናው አካል ከተሰበረ በኋላ መሆኑን መርሳት የለብንም። በደረስጌ ንጉሡን ያነገሠው፣ በአይሻል የተከተላቸው ሕዝብ በ1860 ዓ.ም. ከጎናቸው አልነበረም። በጌምድር ባድማ ሆና ነበር፤ ጦሩ በየሌሊቱ ይከዳ ነበር። ጠፍሩን የያዙት 500 እጆች መድፉን ይስቡ እንጂ መንግሥቱን ሊይዙት አልቻሉም።

እኔም በአዴት መንገድ ላይ ሰንሰለቱን ከክንፉ ፈትቼ ከሻንሲው ላይ ሳሥር ይህን ሁሉ አላሰብኩም ነበር፤ ያሰብኩት ሾፌሩንና ረዳቱን በደኅና ስለ ማድረስ ብቻ ነው። በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ለአንድ ባለሙያ ከባድ ጭነት ሲሰጠው ይደርሳል ወይስ አይደርስም ብሎ ማስላት የሥራው እኩሌታ ነው። ሌላው እኩሌታ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚያርፍና የሚሸከመው ይችለው እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የመጀመሪያውን እኩሌታ ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ ፈጽመውታል። ሁለተኛው እኩሌታ ሳይፈጸም በመቅረቱ የከፈሉትን ዋጋ እያስታወስን፣ በየተሰማራንበት የሥራ መስክ ሁለቱንም አሟልተን እንድንሠራ ለማኅበራችን አባላት አሳስባለሁ።