ወለተ ጴጥሮስ፦ ማኅበሯን ክረምት ያሻገረች እናት



ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የማኅበራችን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየዓመቱ ሰኔ 30 መዝገብ እዘጋለሁ፣ በማግስቱ ሐምሌ 1 አዲሱን የበጀት ዓመት እከፍታለሁ። በወረቀት ላይ ዓመቱ ያለቀው በዚያ ቀን ነው። በየቤታችን ግን ከባዱ ጊዜ ገና መጀመሩ ነው። የአምናው እህል ከጎተራው ሥር ደርሷል፣ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነው፣ ከገጠር የሚመጣውን ደግሞ ወንዝና ጭቃ ይይዘዋል።

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ የዓመቱን ትርፍ በሙሉ እንከፋፈል ወይስ ከፊሉን ለክረምት እህል እናስቀምጥ በሚለው ጉዳይ ብዙ ተከራክረን፣ ነገሩ ሳይቋጭ ተበትነናል። እኔ በዚያ ሰሞን ማታ ማታ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ታሪክ አነብ ነበር። ከእሷ ያገኘሁትን ለእናንተ ማካፈል ፈለግሁ። በማኅበራችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። ስለ ሃይማኖት ክርክር ልጽፍ አልተነሣሁም። አንዲት ሴት ከከተማና ከቤተ መንግሥት ርቃ፣ ብዙ ሰው ይዛ፣ እንዴት በራሷ እጅ እንደኖረች ነው የምጽፈው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ክረምት ጥቂት ልበል። በቀዝቃዛው ዓለም ክረምት ማለት በረዶ ነው። ከሰው ርቀው የሚኖሩ ገበሬዎች በመኸር እንጨቱን ፈልጠው፣ ዱቄቱንና ድንቹን ከትተው፣ ለከብቱ ድርቆሽ ከምረው ካልጠበቁት፣ በረዶው መንገዱን ሲዘጋው የሚደርስላቸው የለም። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው እንጂ ሥራው ያው ነው፤ መንገድ ከመዘጋቱ በፊት ያላሰናዳ ሰው በሐምሌና በነሐሴ ይቸገራል። በረዶውም ቢሆን ለአገራችን ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ኮስማስ የተባለ ተጓዥ በ6ኛው መቶ ዘመን አዱሊስ ላይ አግኝቶ በገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ ወደ ሰሜን ተራሮች ስለ መዝመቱ ሲናገር፣ በረዶው እግርን እስከ ጉልበት ይውጥ እንደ ነበር ያነሣል። ወለተ ጴጥሮስም ከሕይወቷ ጥቂቱን ያሳለፈችው በእነዚያ ተራሮች ግርጌ፣ በዋልድባና በጸለምት ነው።

ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1592 ነው። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ፤ ርስትና ሹመት ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ገና በልጅነቷ ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። እሱም የዐፄ ሱስንዮስ ታላቅ ሹምና የጦር አዛዥ ነበር። ሦስት ልጆች ወለደች፣ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ወርቅ፣ አገልጋይ፣ ፈረስና በቅሎ በሞላበት ቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ የቀበረች እናት ነበረች። ይህን ስናነብ ከእኛ መካከል የሚገባው ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ ልቧ ወደ ምንኩስና አዘነበለ። በመነኮሳት እርዳታ ከቤቷ በድብቅ ወጣች። ባሏ ግን ጦር ይዞ ተከተላት፣ የተሸሸገችበትን አገርም ያጠፋ ጀመር። በእሷ ምክንያት ድሃ እንዳይጎዳ ብላ ተመለሰች። ከራሷ ነጻነት በፊት የሌላውን ጉዳት ቆጠረች ማለት ነው። በ1617 አቡነ ስምዖን በተገደሉ ጊዜ፣ ባሏ በነገሩ እጁ እንዳለበት ስትሰማ ግን ዳግም አብራው ልትኖር አልቻለችም። ለመጨረሻ ጊዜ ወጥታ መነኮሰች። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ 25 ዓመት ገደማ ነበር።

በዚህ ወቅት እኅተ ክርስቶስን አገኘች። እኅተ ክርስቶስም እንደ እሷ ትዳሯን ትታ የመጣች ሴት ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሞት አልተለያዩም። የባላባት ልጅ የሆነችው ወለተ ጴጥሮስ ሥራን እንደ ገረድ ጀመረች፤ እህል ፈጨች፣ ውኃ ቀዳች፣ እንጨት ለቀመች። በቤቷ ሳለች ሌሎች ይሠሩላት የነበረውን ሁሉ በእጇ ተማረችው። እኔ ይህን የታሪኳ መሠረት አድርጌ አየዋለሁ፤ በኋላ ብዙ ሰው እየመራች በሩቅ አገር ስትኖር፣ አንድ ቁና እህል ስንት ሰው እንደሚያበላና ስንት ሰዓት እንደሚያስፈጭ ከክንዷ ድካም ታውቀው ነበር።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት መቀበሉን በይፋ ገለጠ። ወለተ ጴጥሮስ አዋጁን ተቃወመች፣ ሰዉም የአባቶቹን እምነት እንዳይተው አስተማረች። ለዚህም ንጉሡ ፊት ቀርባ ተጠየቀች። ከዚያ ወደ ዋልድባ ሄደች። ዋልድባ ከሰሜን ተራሮች በታች ያለ ቆላ ነው። መነኮሳቱ በክልሉ ውስጥ እህል አይበሉም፤ ምግባቸው ከሥራ ሥርና ከሙዝ የሚሰናዳው ቋርፍ ነው። የእህል ገበያ የማያስፈልገው ኑሮ ምን እንደሚመስል ያየችው እዚያ ነው። ከዋልድባ ወደ ጸለምት ወጥታ ማስተማሯን ስትቀጥል እንደ ገና ተይዛ ለንጉሡ ቀረበች። ከፖርቱጋል የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ሐሳቧን ሊያስለውጣት ቢደክምም አልተሳካለትም።

በመጨረሻ ዠበይ ወደሚባል ቦታ ተጋዘች። ዠበይ በስተምዕራብ ወደ ሱዳን ወሰን የሚያደርስ፣ ሙቀቱ የሚያቃጥል ቆላ ነው። ሰውን ወደዚያ መላክ በቁሙ መቅበር ነበር። ዘመድ የለም፣ ርስት የለም፣ ገበያም የለም። በዚያ 3 ዓመት ቆየች። የሆነው ግን ንጉሡ ካሰበው ተቃራኒ ነው፤ እኅተ ክርስቶስ ተከትላት መጣች፣ ሌሎችም ስለ እምነታቸው የሚሰደዱ ሰዎች አንድ በአንድ እየፈለጓት መጡ። የመጀመሪያው ማኅበሯ የተመሠረተው እዚያ፣ በግዞቱ ቦታ ላይ ነው።

በሕይወት ዘመኗ 7 ማኅበራት መሠረተች። የመጀመሪያው ዠበይ ነው፣ አብዛኞቹ ሌሎች ደግሞ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ናቸው። የንጉሡ ሰዎች በቀረቡ ጊዜ፣ ወረርሽኝም በገባ ጊዜ፣ ማኅበሩ ተነሥቶ ሌላ ስፍራ ይሰፍር ነበር። በጣና ላይ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሽማግሌና ሕፃን፣ ዕቃና እህል እያሻገሩ መኖር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ መገመት አያቅትም። ማኅበሯ የሴት ብቻ አልነበረም። ወንዶችም ሴቶችም ነበሩበት፣ ማደሪያቸው ግን የተለያየ ነበር። የሁሉም መሪ እሷ ነበረች። በዚያ ዘመን ሴት ወንዶችን ስትመራ ማየት ለብዙ መምህራን የማይዋጥ ነገር ነበርና፣ በዚህም ትነቀፍ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። ታሪኳን ሳነብ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ ይህን ሁሉ ሰው ምን አበላው? ገድሏ ብዙ ተአምር ይናገራል፣ የሚያምን ያምናል። ከተአምሩ ጎን ግን ሥርዓት አለ። እኔ ሦስት ነገር አገኘሁ።

አንደኛ፣ የግል የሚባል ንብረት አልነበረም። የመጣው ሁሉ ወደ አንድ ቤት ገብቶ ከአንድ ቤት ይወጣል። ሁለተኛ፣ ለትልቁም ለትንሹም ምግቡ እኩል ነበር፣ መሪዋም የምትበላው ያንኑ ነው። ሦስተኛ፣ ሁሉም ይሠራል። ወለተ ጴጥሮስ እናት ተብላ ከተጠራች በኋላም ሸክምና ወፍጮ አልተወችም። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ላይ ሲሆኑ ትልቅ ኃይል አላቸው። መሪዋ ሳትሠራ ሌላውን ብታሠራ ኖሮ ሰው ባኮረፈ ነበር። ድርሻው እኩል ባይሆን ኖሮ እያንዳንዱ የራሱን መደበቅ በጀመረ ነበር። የተደበቀ እህል ደግሞ በመዝገብ አይታይም፤ በችግር ቀን ማኅበሩ ምን እንዳለው ራሱ አያውቅም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ እዚህ መቐለ ባንኮች ተዘግተው በነበሩባቸው ወራት፣ መዝገቤ ላይ የማኅበራችን ተቀማጭ እስከ ሳንቲሙ ድረስ በትክክል ተጽፎ ነበር። ሒሳቡ ይመጣጠናል። ነገር ግን በዚያ ገንዘብ አንድ ኪሎ ዱቄት መግዛት አልቻልንም። ከዚያ በፊት ለዓመታት ገንዘባችንን በሙሉ ባንክ እናስቀምጥ ብዬ የመከርኩት እኔ ነበርኩ። ምክሬ ስሕተት አልነበረም፣ ግን ጎደሎ ነበር። በዚያ ክረምት አንዲት አደይ፣ የማኅበራችን አባል፣ ቤታቸው የነበረችውን ገብስ ቆልተው፣ በሶ አስፈጭተው፣ በጣሳ እየሰፈሩ ልጆች ላሉባቸው ቤቶች አዳረሱ። ለራሳቸው ያስቀሩት ከሌላው የማይበልጥ ጣሳ ነበር። በእኔ መዝገብ ላይ ያ ገብስ በየትኛውም ዐምድ አልተጻፈም። ያሻገረን ግን እሱ ነው።

ወደ ወለተ ጴጥሮስ ልመለስ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ አዋጁን ሽሮ ሕዝቡ ወደ ቀደመው እምነቱ እንዲመለስ ፈቀደ። ልጁ ፋሲለደስ ሲነግሥ ለወለተ ጴጥሮስ ክብር ሰጣት። አሁን ስደት የለም፣ የቤተ መንግሥት በርም ተከፍቶላታል። ብትፈልግ በምቾት ልታርፍ ትችል ነበር። እሷ ግን ከማኅበሯ አልወጣችም፣ በዚያው ሥርዓት እስከ መጨረሻው ኖረች። ለእኔ ይህ ከግዞቱ ይልቅ የሚከብድ ፈተና ይመስለኛል። በችግር ጊዜ እኩል መካፈል ግድ ነው፤ ጥጋብ ሲመጣ ግን ሥርዓቱን መጠበቅ ምርጫ ነው። የእኛም ክርክር እዚህ ላይ ነው። ባንኩ ተከፍቷል፣ ገበያው ተመልሷል፣ ስለዚህ የጎተራ ነገር የትናንት ጣጣ ይመስለናል።

ወለተ ጴጥሮስ ለ3 ወር ታማ በ1642፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም.፣ በ50 ዓመቷ ዐረፈች። ኅዳር አዝመራው የሚሰበሰብበት ወር ነው። ከእሷ በኋላ ማኅበሩን እኅተ ክርስቶስ ተረከበች፣ እስከ ሞተችበት እስከ 1649 ድረስም መራችው። ብዙ ማኅበር መሥራቹ ሲሞት ይበተናል። ይህ ግን ያልተበተነው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራውን ሁሉ አብራ የሠራች፣ የምታውቀው ሴት ስለ ነበረች ነው። በጣና ዳርቻ ቆራጣ ላይ በስሟ ገዳም ተሠራ። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1672፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የሚያውቋትን ሰዎች ጠይቆ ገድሏን በግዕዝ ጻፈ። በአፍሪካ ምድር ስለ አንዲት አፍሪካዊት ሴት ሕይወት ከተጻፉት ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጥ። ትርፉን በሙሉ አንከፋፈለው። ከፊሉን ለይተን፣ እህል በሚረክስበት በታኅሣሥና በጥር ገብስና ስንዴ እንግዛበት። በሐምሌና በነሐሴ ዋጋው ሲወደድ ለአባሎቻችን በገዛንበት ዋጋ እንስጥ፣ ለሌላት ደግሞ በብድር። የሰበሰብነው ገንዘብ ለሚቀጥለው ዓመት እህል ይሁን። ድርሻው ለሥራ አመራሩም ለተራ አባልም እኩል ይሁን፣ የመዝገቡም ቅጂ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። መጋዘኑን በተራ እንጠብቅ፣ እኔም ተራዬን እይዛለሁ። ሒሳቡን ከእኔ ጋር የምትማር አንዲት ወጣት አባልም ትመደብልኝ፤ ነገ እኔ ባልኖር መዝገቡ ሰው እንዲኖረው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። የምትልኩልን እርዳታ ብዙ ቤት አቁሟል፣ እናመሰግናለን። ይህን ጎተራ ለመጀመር ብታግዙን ደግሞ ደስ ይለናል፤ ወፍጮና መጋዘን ከአቅማችን በላይ ነው። ዓመት ዓመት መሙላቱን ግን ለእኛ ተዉት።

በአዲሱ መዝገቤ ላይ አንድ ዐምድ ከፍቻለሁ፤ ከላይ «የክረምት እህል» የሚል ጽፌበታለሁ። ከሥሩ ገና ምንም አልተጻፈም። በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያውን ቁጥር አብረን እንጻፍ።