መንገዱን በገዛ እጁ ጠረገ፣ ሕዝቡን ግን አልጠየቀም፦ መይሳው ካሳ እና የበጌምድር ገበሬ

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሲወራ ሁሌም መቅደላ ላይ ነው የሚጀመረው። ሹሩባው፣ ሽጉጡ፣ እንግሊዞቹ። እስቲ ዛሬ ከገበያ እንጀምር። ከይፋግ።

ይፋግ አሁን በደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ወረዳ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ስሟ የገነነ የገበያ ቦታ ነበረች። ከጣና በስተምሥራቅ፣ በጎንደርና በደብረ ታቦር መካከል ስለምትገኝ የሲራራ ነጋዴ ያውቃታል። ገንዘቡ አሞሌ ጨውና ማርያ ትሬዛ ብር ነው። የነጋዴው ራስ ምታት ደግሞ ቀረጥ። በየበሩ ኬላ አለ፣ በየኬላው የሚቀበል እጅ አለ።

ካሳ ኃይሉ የተወለደው በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ውስጥ ነው። ጠላቶቹ እናቱን ኮሶ ሻጭ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ልጅ ሆኖ ገዳም ገብቶ ተማረ፣ ካደገ በኋላ ቋራ በረሃ ሸፈተ። በጣም ስላስቸገራቸው ገዢዎቹ በጋብቻ ሊያስሩት ፈለጉና የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። አልታሰረም። በ1845 ዓ.ም. የአሊን ከተማ ደብረ ታቦርን አቃጠለ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ አሊን ራሱን አይሻል ላይ አሸነፈ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ውቤን ድል አድርጎ ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

መጀመሪያ ላይ ያደረጋቸውን ነገሮች እዩ። ቀረጥ በግዛቱ በሦስት ቦታ ብቻ እንዲከፈል አዘዘ። ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ ይመለስ ብሎ አወጀ። ድሃ በቀጥታ ለንጉሡ አቤት እንዲል ፈቀደ። ወታደሩ ደግሞ ገበሬ ቤት እየገባ ከመብላት ይልቅ ደመወዝ እንዲቆረጥለት ፈለገ። ለይፋግ ነጋዴም ሆነ ለአካባቢው ገበሬ ከዚህ የተሻለ ዜና አልነበረም።

ችግሩ ደመወዙ ከየት ይምጣ የሚለው ነው።

ቴዎድሮስ ዓይኑን የጣለው የቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ነበር። ሰፊ ነው፣ ለመንግሥት ግን ግብር አይከፍልም። በ1848 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ላይ ከካህናቱ ጋር ፊት ለፊት ተከራከረበት። ሁለቱም ወገን የሚለው ነገር ነበረው። ንጉሡ ወታደር ካልተከፈለው ገበሬውን ይዘርፋል ባይ ነው። ካህናቱ በበኩላቸው ቅዳሴውም፣ የቆሎ ተማሪውም፣ የድሃው ምጽዋትም በዚሁ መሬት ነው የሚኖረው ባይ ናቸው። ሁለቱም እውነት ነበር። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ደግሞ ጊዜና ድርድር ይፈልጋል።

ክርክሩ ያለ ስምምነት ተበተነ። ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ቴዎድሮስ ውይይቱን ትቶ በትእዛዝ ጨረሰው፦ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የሚበቃ መሬት ይተውለትና ሌላው ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ።

በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል አይደል? ግን በዚያ ዘመን ጋዜጣ የለ፣ ሬዲዮ የለ። ሕዝቡ ወሬ የሚሰማው በሰንበት ከደጀ ሰላም ነው። ደጀ ሰላሙን ያጣ ንጉሥ ሐሳቡን ለገበሬው የሚያስረዳለት ሰው አጣ። በ1856 ዓ.ም. የቀቡትን ጳጳስ አቡነ ሰላማን መቅደላ አሰራቸው፣ እዚያው እስር ላይ እያሉ አረፉ።

ከዚያ ነገሩ ተያይዞ ወረደ። ጎጃም፣ ትግሬ፣ ወሎ፣ ሸዋ አንድ በአንድ ከእጁ ወጡ። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ሸዋ ገባ። በእጁ የቀረው ዋናው አገር በጌምድር ሲሆን የሠራዊቱ ቀለብ ሁሉ እዚህ ገበሬ ትከሻ ላይ ወደቀ። ደመወዝ ይቆረጥለታል የተባለው ወታደር ተመልሶ ጎተራ ፈታሽ ሆነ። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ገበሬው እህሉን ቀበረ፣ ተሰደደ፣ የተነጠለ ወታደር ሲያገኝ መታ። ቤቴ ያለው አገር ሸፈተበት።

በዚሁ ጊዜ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል እየተሠራ ነበር። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ! ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥሎ መድፉን እየጎተተ ወደ መቅደላ ተነሣ። መንገድ ስለሌለ እየሠራ ነው የሚሄደው። ራሱ ድንጋይ ያነሣ ነበር። ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀበት። እንደዚህ በእጁ መንገድ የጠረገ ንጉሥ በታሪካችን ብዙ የለም።

ከሰሜን ደግሞ በናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር እየመጣ ነበር። ይህ ጦር ያን ሁሉ ተራራ እንዴት አለፈ? ባላባቶቹ አሳለፉት፣ ገበሬውም እህልና ከብት ሸጠለት፣ በማርያ ትሬዛ ብር። የባዕድ ጦር ገዝቶ ሲበላ የራስ ጦር ነጥቆ ይበላ ነበር። ገበሬውን ከሃዲ ከማለታችን በፊት ይህችን ነገር እናስባት።

ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ ተሸነፈ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብሎ ራሱን ገደለ። ጀግንነቱን ማንም አይክደውም። ሐሳቡም ትክክል ነበር፦ የተማከለ ግብር፣ ደመወዝ ያለው ጦር፣ መንገድ። የጎደለው ሐሳቡን ከሚሸከሙት ሰዎች ጋር ተቀምጦ መጨረስ ነው።

ይሄ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የገበያ ቦታ ሲዛወር፣ የኮብልስቶን መዋጮ ሲጠየቅ፣ ለመንገድ መሬት ሲወሰድ ዛሬም ያው ጥያቄ ይነሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኞቹ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣቸዋል ይላል። ስለዚህ ቀበሌው ለስብሰባ ሲጠራችሁ አትቅሩ። ገብታችሁም መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ የጠራችሁን ልንወስን ነው ወይስ የተወሰነ ልትነግሩን?