ዶክቶር ፍሪድዮፍ ናንሰን፤ የበረዶው መንገደኛና የስደተኞች ጠበቃ

ሰው ታላቅ ተብሎ የሚከበርበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ በጦር ሜዳ ድል ስላደረገ፣ ሌላው ያልታወቀ አገር ስላገኘ፣ ሦስተኛው በጥበብ ወይም በትምህርት ስለ ላቀ ይከበራል። ነገር ግን የራሱ ወገን ላልሆነ፣ ቋንቋውን ለማያውቀው፣ ውለታውንም ሊመልስለት ለማይችል ሕዝብ የደከመ ሰው ሲገኝ፣ የዚህ ሰው ክብር ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ይመስለናል። ዛሬ ታሪኩን በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የኖርዌይ ተወላጅ የሆነው ዶክቶር ፍሪድዮፍ ናንሰን ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ናንሰን ኦክቶበር 10 ቀን 1861 ዓ. ም. ያን ጊዜ ክርስቲያንያ፣ ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ነበር። ልጁ ግን ከመጽሐፍ ጋር ያደገውን ያህል ከጫካና ከበረዶ ጋርም አደገ፤ በእግር በሚታሰረው በረጅሙ የእንጨት መንሸራተቻ ብዙ ርቀት እየተጓዘ ብቻውን በዱር ማደርን ለመደ። ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜም የእንስሳትን ተፈጥሮ ለመማር የመረጠው ወደ ዱር የሚያወጣው ትምህርት ነው ብሎ ነበር ይባላል። በ1882 ዓ. ም. ከአዳኞች ጋር በመርከብ ወደ ሰሜን ውቅያኖስ ሄዶ ተመለሰና በበርገን ከተማ ቤተ መዘክር ሥራ ያዘ። እዚያም ስለ ነርቭ አሠራር መርምሮ በ1888 ዓ. ም. የዶክቶርነት ማዕርግ አገኘ።

በዚያው ዓመት ግሪንላንድ የምትባለውን፣ መካከሏ በሙሉ በበረዶ የተሸፈነውን ታላቅ ደሴት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለማቋረጥ ከአምስት ሰዎች ጋር ተነሣ። ከእርሱ በፊት የሞከሩት ሰዎች ሰው ከሚኖርበት ከምዕራቡ ዳርቻ እየተነሡ፣ ሲቸግራቸው ወደ ኋላ ይመለሱ ነበር። ናንሰን ግን ሰው ከሌለበት ከምሥራቁ ዳርቻ ለመነሣት ቈረጠ፤ ምክንያቱም ከዚያ የተነሣ ሰው ወደ ኋላ ቢመለስ የሚጠብቀው ሞት ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ፊት ከመሄድ በቀር ሌላ ምርጫ አይኖረውም። ብዙ ሰዎች ዕብደት ነው ብለው ነቀፉት። እርሱ ግን ስድስቱንም ሰዎች በደኅና አሻገራቸው። ወደ አገሩ የሚመልሰው መርከብ ስላመለጠው ክረምቱን በዚያው ከአገሩ ተወላጆች ጋር አሳለፈና ኑሯቸውንና ልማዳቸውን አጥንቶ መጽሐፍ ጻፈ።

ከዚህ የበለጠ ዝና ያገኘበት ጉዞ በ1893 ዓ. ም. ተጀመረ። የሰሜኑ ውቅያኖስ በረዶ ቆሞ የማይቀር፣ ቀስ እያለ የሚጓዝ መሆኑን ተረድቶ፣ ፍራም የምትባል ልዩ መርከብ አሠራ። የመርከቢቱ ጎን ክብ ሆኖ የተሠራ ስለ ነበር፣ በረዶው ሲጫናት እንደመሰበር ፈንታ ወደ ላይ ትነሣ ነበር። ከ12 ባልደረቦቹ ጋር ወደ በረዶው ገብቶ መርከቢቱን ከበረዶው ጋር እንድትሄድ ተዋት። መርከቢቱ ወደ ሰሜን ዋልታ እንደማታደርሰው በተረዳ ጊዜ፣ በማርች 1895 ዓ. ም. ያልማር ዮሐንሰን ከሚባል አንድ ጓደኛው ጋር በውሾች በሚሳብ ተንሸራታች ጋሪ ጉዞውን ቀጠለ። ዋልታውን ባያገኙም እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ሰው ያልደረሰበት 86 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ድረስ ደረሱ። ሲመለሱ ክረምት ስለ ያዛቸው በድንጋይና በቆዳ ባበጁት ጎጆ ውስጥ የድብ ሥጋ እየበሉ ወራትን አሳለፉ። በ1896 ዓ. ም. ለምርምር የመጣ አንድ እንግሊዛዊ አግኝቷቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ፍራምም ከጥቂት ቀናት በኋላ በደኅና ደረሰች፤ ከ13ቱ ሰዎች አንድም አልሞተም።

ናንሰን እዚህ ላይ ቢያርፍ እንኳ ስሙ ከመጽሐፍ አይጠፋም ነበር። በ1905 ዓ. ም. ኖርዌይ ከስዊድን ተለይታ ነጻ መንግሥት ስትሆን ግን አገሩ ለሌላ ሥራ ጠራችው። የዴንማርኩ ልዑል የኖርዌይን ዘውድ እንዲቀበል በማግባባት ረዳ፤ ከዚያም ከ1906 እስከ 1908 ዓ. ም. ድረስ በሎንዶን የአገሩ ሚኒስትር ሆኖ አገለገለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ወደ ዋሽንግቶን ተልኮ ለሕዝቡ የሚሆን እህል እንዲገባ ተዋዋለ።

ጦርነቱ ሲያልቅ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ተቋቋመ። ውጊያው ካቆመ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖ ሳለ ብዙ መቶ ሺህ ምርኮኞች በሩሲያና በሌሎች አገሮች፣ ይልቁንም በሳይቤሪያ ብርድ፣ በረሃብና በበሽታ ያልቁ ነበር። ማኅበሩ በ1920 ዓ. ም. ይህን ሥራ ለናንሰን ሰጠው። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ችግር ነበረ፤ አዲሱ የሩሲያ መንግሥት ማኅበሩን አላውቅም ይል ነበር። ነገር ግን ናንሰንን እንደ አንድ የታመነ ሰው ሊቀበለውና ሊነጋገረው ፈቀደ። ጦር የሌለው፣ ገንዘቡም ጥቂት የሆነ ሰው ሁለት የማይነጋገሩ ወገኖችን ያገናኘው በቃሉ መታመን ብቻ ነበር። በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ 26 ከሚሆኑ አገሮች የተውጣጡ 427,886 ምርኮኞች ወደየቤታቸው ተመለሱ።

ሥራው ሳያልቅ በ1921 ዓ. ም. በሩሲያ በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ታላቅ ረሃብ ወረደ። ናንሰን በዤኔቭ በተሰበሰቡት መንግሥታት ፊት ቀርቦ ገንዘብ እንዲያበድሩ ለመነ። በዚያ ጊዜ በአንዳንድ አገሮች እህል ተርፎ ገዢ አጥቶ ነበር። መንግሥታቱ ግን የተራበውን ሕዝብ ብንመግብ የማንወደውን መንግሥት እናጠናክራለን በሚል ምክንያት እምቢ አሉ። ጋዜጦችም ናንሰንን የቦልሼቪኮች መሣሪያ ሆኗል ብለው ነቀፉት። እርሱ ግን ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ፣ የተራቡትን ሰዎች ፎቶግራፍ እያሳየ፣ ከግለሰቦችና ከበጎ አድራጎት ማኅበሮች ገንዘብ ሰበሰበ። የእርዳታውን ትልቁን ክፍል የሰጠው በኸርበርት ሁቨር ይመራ የነበረው የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። እንዲያም ሆኖ አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። የአንድ ሰው መልካም ፈቃድ ብቻውን፣ መንግሥታት እጃቸውን ከሰበሰቡ፣ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችልና የት ላይ እንደሚቆም ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ስሙ ከሁሉ በላይ ወደሚጠራበት ሥራ እንመጣለን። ከሩሲያ አብዮት ሸሽተው በአውሮፓና በእስያ የተበተኑት ስደተኞች ከአንድ ሚሊዮን ይበልጡ ነበር። የሩሲያ መንግሥት በ1921 ዓ. ም. መጨረሻ ዜግነታቸውን በዐዋጅ ሻረው። ወጣት አንባቢዎቻችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጥቂት እንዲያስቡት እንለምናለን። ዜግነት የሌለው ሰው ወረቀት የለውም፤ ወረቀት የሌለው ሰው ድንበር አይሻገርም፣ በሕግ ተቀጥሮ ሥራ አይሠራም፤ ካለበት አገር ቢባረር ደግሞ የሚቀበለው ሌላ አገር የለም። በአካል ያለ፣ በመዝገብ የሌለ ሰው ይሆናል። ናንሰን ለዚህ ያገኘው መድኃኒት እጅግ ቀላል ነበር። በጁላይ 1922 ዓ. ም. መንግሥታትን በዤኔቭ ሰብስቦ ለእነዚህ ሰዎች የመታወቂያና የይለፍ ወረቀት እንዲሰጣቸው አስማማ። ይህ ወረቀት የናንሰን ፓስፖርት ተብሎ ተጠራ፤ እየቆየም ከ50 የሚበልጡ መንግሥታት ተቀበሉት። ሙዚቀኛው ስትራቪንስኪ፣ ሠዓሊው ሻጋል፣ ደራሲው ናቦኮቭ ይህን ወረቀት ከያዙት መካከል ነበሩ። ስማቸው በታሪክ ያልተጻፈ ጫማ ሰፊዎች፣ ነጂዎችና መበለቶች ግን ከእነርሱ እጅግ ይበልጡ ነበር።

በዚሁ በ1922 ዓ. ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው፤ ገንዘቡንም ለእርዳታ ሥራ አዋለው። በዚያው ወራት ደግሞ በቱርክና በግሪክ መካከል የነበረው ጦርነት ሲያበቃ የስደተኞቹን ጉዳይ እንዲመለከት ተላከ። ሁለቱ አገሮች ሕዝብ እንዲለዋወጡ እርሱም የደገፈው ስምምነት በ1923 ዓ. ም. በሎዛን ተፈረመ። አንድ ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺህ ያህል ክርስቲያኖች ወደ ግሪክ፣ አራት መቶ ሺህ ያህል እስላሞች ወደ ቱርክ ሄዱ። ከሞት የተረፉበት መንገድ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ ሳይወዱ በግድ ከአባቶቻቸው መቃብር ተነቀሉ፤ ስለዚህ ይህ ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ ያከራክራል። የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ የሚያከራክረውን ክፍል ሸሽገን ማለፍ ለእነርሱም ክብር አይሆንም ብለን እናምናለን።

ከ1924 ዓ. ም. ጀምሮ ፓስፖርቱ ከዕልቂት ለተረፉት ለአርመኖች ተሰጠ። ናንሰን በ1925 ዓ. ም. እስከ ኤሬቫን ድረስ ሄዶ ምድሩን አይቶ ውሃ በመስኖ ስቦ ስደተኞቹን ለማስፈር ዕቅድ አወጣ። መንግሥታቱ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ስለ ከለከሉ ዕቅዱ ሳይፈጸም ቀረ። ይህም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ካሳዘኑት ነገሮች አንዱ ነው።

የአርመኖችን ነገር ስናነሣ የአገራችንንም ታሪክ እናስታውሳለን። ኢትዮጵያ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1923 ዓ. ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ ናንሰን በዚያ ዘመን በማኅበሩ የኖርዌይ መልእክተኛ ነበር። በሚከተለው ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም በ1930 ዓ. ም. በዘውድ በዓል ላይ የተሰማውን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ስደተኛን የተቀበለ አገር የሚያገኘው ምን እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዚያም በ1935 ዓ. ም. ፋሺስት ኢጣልያ ስትወረን ያ ማኅበር ቃሉን ሳይጠብቅ ቀረ፤ የእኛም ሰዎች በተራቸው በጎረቤት አገሮችና በኢየሩሳሌም ስደተኞች ሆኑ። ናንሰን ይህን ለማየት አልቆየም።

በ1926 ዓ. ም. በስኮትላንድ የሚገኘው የሴይንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የክብር አለቃው አድርጎ በሾመው ጊዜ፣ ለዚህ ማዕርግ ከውጭ አገር ሰዎች የመጀመሪያው እርሱ ነበር። ለተማሪዎቹ ባደረገው ንግግር የመከራቸው፣ የተለመደውን መንገድ ትተው አዲስ ነገር ለመሞከር እንዳይፈሩ ነው። ሜይ 13 ቀን 1930 ዓ. ም. በመኖሪያ ቤቱ ዐረፈ፤ የአገሩ ብሔራዊ በዓል በሚከበርበት በሜይ 17 ቀንም ተቀበረ። በስሙ የተቋቋመው የስደተኞች ጽሕፈት ቤት በ1938 ዓ. ም. የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበለ። ከ1954 ዓ. ም. ጀምሮም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ ስደተኞች የደከሙትን ሰዎች በናንሰን ስም በተሠየመ ሽልማት ያከብራል፤ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ወይዘሮ ኤሌኖር ሩዝቬልት ነበሩ።

አንድ ነገር ጨምረን እንፈጽማለን። ናንሰን በረሃቡ ዘመንና በአርመን ጉዞው ካሠራቸው ረዳቶች አንዱ ቪድኩን ክዊስሊንግ የሚባል ብልህ ወጣት መኰንን ነበር። ይህ ሰው በ1940 ዓ. ም. ጀርመኖች ኖርዌይን ሲይዙ ለጠላት አደረ፤ በ1945 ዓ. ም. በፍርድ ተገደለ፤ ስሙም በብዙ ቋንቋ የከዳተኛ መጠሪያ ሆነ። የናንሰን ልጅ ኦድ ናንሰን ደግሞ ከሂትለር የሸሹትን አይሁዶች ሲረዳ ከቆየ በኋላ በጀርመኖች ተይዞ በእስር ሰፈር ተሠቃየ። ሁለቱም የአንድ ሰው ደቀ መዛሙርት ነበሩ። ከታላቅ ሰው አጠገብ መቀመጥ፣ ሥራውን መማር፣ ጽሑፉን መያዝ ብቻውን ታላቅ አያደርግም።

ስለዚህ እንደ ናንሰን ያሉትን ሰዎች የምናከብረው ሐውልት በማቆምና ሜዳይ በመስጠት ብቻ ከሆነ ክብሩ ጎደሎ ነው። ዛሬ አገራችን ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ብዙ ስደተኞችን ታስተናግዳለች፤ የእኛም ወገኖች በሰው አገር በስደት አሉ። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ከጠረጴዛ ኋላ የምትቀመጡት ወጣቶች በእጃችሁ ማኅተም ትይዛላችሁ። አንድ ቀን ወረቀት የሌለው ሰው ፊታችሁ ይቆማል። ናንሰን በረዶን ያቋረጠበት ጉልበት ለሁሉም አይሰጥም፤ ነገር ግን የዚያን ሰው ስም በመዝገብ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ፣ ሰው መሆኑን መመስከር ከማናችንም ዐቅም በላይ አይደለም።