ኦስካር ፎን ሚለር፦ ያረጁ ማሽኖችን ከመጣል ያዳኑ መሐንዲስ

አገልግሎቱን የጨረሰ ማሽን መጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ ውራጅ ብረት መሆን ነው። ማሽኑ ሲጠፋ ግን የሠሩት ሰዎች ያሰቡትና የተሳሳቱት፣ ስህተታቸውንም ያረሙበት መንገድ አብሮ ይጠፋል። ይህንን ተገንዝበው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቅርስ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲጠበቅ ከሃያ ዓመታት በላይ የደከሙት ጀርመናዊው መሐንዲስ ኦስካር ፎን ሚለር ናቸው።

ሚለር እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 1855 በሙኒክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ፈርዲናንድ ፎን ሚለር የታወቁ የነሐስ ሥራ ባለሙያ ነበሩ። ኦስካር በሙኒክ ምህንድስና ተምረው በባቫሪያ መንግሥት የግንባታ አገልግሎት ተቀጠሩ። በ1881 በፓሪስ የተካሄደውን ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን መጎብኘታቸው የሕይወታቸውን አቅጣጫ ለወጠው።

በዓመቱ በሙኒክ ባዘጋጁት ኤግዚቢሽን ከፈረንሳዊው ማርሴል ደፕሬ ጋር በመሆን ከሚስባህ ከተማ 57 ኪሎ ሜትር ርቀት በቴሌግራፍ ሽቦ ኤሌክትሪክ አስተላለፉ። በመስመሩ ላይ የባከነው ኃይል ብዙ ቢሆንም የደረሰው የሰው ሠራሽ ፏፏቴን ፓምፕ ለማንቀሳቀስ በቅቷል። በ1891 ደግሞ በፍራንክፈርት በመሩት ኤግዚቢሽን በላውፈን ከወንዝ ውሃ የመነጨ ባለ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ 175 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ያለ ከፍተኛ ብክነት ደረሰ። የኤሌክትሪክ ኃይል ሩቅ አካባቢዎችን ማገልገል እንደሚችል የተረጋገጠውም በዚህ ሙከራ ነበር።

እነዚህ ኤግዚቢሽኖች ሲያበቁ ግን ዕቃዎቹ ይበተኑ ነበር። የፓሪስንና የለንደንን የቴክኒክ ስብስቦች የሚያውቁት ሚለር ቋሚ ተቋም እንዲኖር ጠየቁ። ሰኔ ወር 1903 የጀርመን ሙዚየም በሙኒክ ተመሠረተ። የማቀዝቀዣ ማሽን ሊቁ ካርል ፎን ሊንደና የሒሳብ ሊቁ ቫልተር ፎን ዲክ በአመራሩ ተባባሪዎቻቸው ሆኑ።

የከተማው አስተዳደር በኢዛር ወንዝ ላይ የምትገኝ ደሴት ለሙዚየሙ ሰጠ። ኢንዱስትሪዎችም የግንባታ ዕቃዎችንና ማሽኖችን ለገሱ። የመሠረቱ ድንጋይ በ1906 ቢቀመጥም የአንደኛው የዓለም ጦርነትና ከዚያ በኋላ የተከሰተው የዋጋ ንረት ሥራውን አጓተቱት። ሚለር ግን ዓላማቸውን አልተዉም። ሕንፃው የተመረቀው ሰባኛ ዓመታቸውን በደፈኑበት ዕለት፣ ሜይ 7 ቀን 1925 ነበር። በእነዚያ ዓመታት የዋልሄንዜ የውሃ ኃይል ማመንጫ እንዲገነባም ግንባር ቀደም ሚና ተጫውተዋል፤ ማመንጫው በ1924 ሥራ ጀምሯል።

በሙዚየሙ የኦቶ ፎን ጌሪኬ የማግደቡርግ ንፍቀ ክበቦች፣ በ1879 የተሠራው የዚመንስ የኤሌክትሪክ ባቡርና የሩዶልፍ ዲዝል ሞተር ተሰበሰቡ። ሚለር ዕቃዎቹ በመስታወት ውስጥ ተቆልፈው እንዲቀመጡ ብቻ አልፈለጉም። ጎብኚው ቁልፍ ተጭኖ፣ እጀታ አዙሮ አሠራራቸውን እንዲረዳ አደረጉ። የሰማይ አካላትን እንቅስቃሴ የሚያሳየው የመጀመሪያው የፕላኔታሪየም ፕሮጀክተርም በእሳቸው ጥያቄ መነሻነት በካርል ዛይስ ኩባንያ ተሠርቶ በሙዚየሙ ተተክሏል።

ሚለር ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ከሙዚየሙ ኃላፊነት ለቀቁ። ኤፕሪል 9 ቀን 1934 በተወለዱበት ከተማ በ78 ዓመታቸው አረፉ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሕንፃው በጦር አውሮፕላኖች ድብደባ ክፉኛ ቢጎዳም ከጦርነቱ በኋላ ታድሶ ለሕዝብ ተከፍቷል።

የድካማቸው ፍሬ ከጉብኝትም አልፏል። በ1963 በሙዚየሙ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ታሪክ የምርምር ተቋም ተቋቋመ። በ1997 ደግሞ ሙዚየሙ ከሙኒክ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የጋራ የምርምር ማዕከል መሠረተ። ተመራማሪዎች በጽሑፍ ያልሰፈረውን የአሠራር ጥበብ ከዕቃዎቹ ከራሳቸው፣ ከጥርሳቸው መበላትና ከጥገና አሻራቸው ሳይቀር ያጠናሉ። ሚለር በወቅቱ ዋጋ የለውም ይባል የነበረውን ዕቃ በመዝገብ አስፍረው ባያቆዩት ኖሮ ዛሬ ለጥናቱ ማስረጃ የሚሆን ነገር ባልተገኘ ነበር።