መኪና ሊማሩ ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀሩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

  በዚህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ፖለቲካ ነው። ዛሬ ፖለቲካውን ለአንድ ቀን እናሳርፈውና ስለ አንድ ሰው እናውጋ።

ምክንያታችን ይሄ ነው። ከብዙዎቻችሁ ደጋግሞ የሚደርሰን አንድ ቅሬታ አለ። አገር ቤት እያላችሁ ክራር ትመቱ፣ ትዘፍኑ፣ ግጥም ትጽፉ ነበር። እዚህ ከመጣችሁ ወዲህ ሥራው፣ የቤት ኪራዩ፣ ልጅ ማሳደጉ ጊዜ ነሳችሁ። ክራሩም ግድግዳ ላይ ጌጥ ሆኖ ቀረ። አሁን ደግሞ ዕድሜው ሄደ ትላላችሁ። እኛም መሪ ጨብጠን የምንውል ሰዎች ነንና ነገሩ ይገባናል። ታዲያ ለዚህ ቅሬታ ምክር ከምንደረድር የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ሕይወት ብናነሳ ይሻላል አልን።

ተሰማ እሸቴ የተወለዱት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1876 በጤፍ አገር በምንጃር ነው። በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አካባቢ ለመኖር በቁ። ልብ በሉ፣ ሰውየው ከአዝማሪ ዘር የመጡ አልነበሩም። በዚያ ዘመን ደግሞ የአዝማሪ ነገር እንዴት ያለ እንደነበር ታውቃላችሁ። ሕዝቡ ያለ እሱ ሰርግ አይደግስም፣ ግን ልጁን አይድርለትም። አዝማሪ የሚለው ስም ራሱ እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። እንግዲህ የቤተ መንግሥት ሰው ሆኖ መሰንቆ ማንሳት ራሱን የቻለ ድፍረት ነው።

ሙያው የሚማሩበት ትምህርት ቤትም አልነበረም። የመሰንቆ ትምህርት ቤቱ የሰው ግብር፣ የሰርግ ድንኳንና የጠጅ ቤት ነው። መሰንቆ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ያላት መሣሪያ ናት። ጣት የሚያርፍበት ቦታ ምልክት የለውም፤ ጆሮና ጣት ተግባብተው የሚያገኙት ነው። ይሄ የሚመጣው በመደጋገም ብቻ ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን ለይቶ ማወቅ አንድ ነገር ነው። ደጋኑን እየሳቡ፣ የተሰበሰበውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ ለዚያች ሰዓት የሚስማማ ስንኝ መፍጠር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ግጥሙ ቤት መምታት አለበት፣ ሰሙ ጌታውን ማስደሰት አለበት፣ ወርቁ ደግሞ የተደበቀውን መናገር አለበት። ሁሉም በአንድ ትንፋሽ! ተሰማ የታወቁት በዚህ ነው፤ በፈጣን አእምሮና በሰላ ግጥም።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። ኢትዮጵያና ጀርመን በ1905 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ገቡ። አዲስ ነገር የሚወዱት ምኒልክ መኪናውን የሚነዳና የሚጠግን የአገር ልጅ ፈለጉ። ስለዚህ በ1908 ተሰማ ወደ ጀርመን ተላኩ። ዕድሜያቸው ሠላሳውን ያለፈ ሰው፣ ቋንቋውን በማያውቁት አገር፣ ከሞተርና ከዘይት ጋር ሊታገሉ ሄዱ። ይሄ ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር አይመሳሰልም? ከተመለሱም በኋላ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሹፌሮች አንዱ ሆነዋል።

ነገር ግን ተሰማ ጀርመን ሲገቡ ሙያቸውን አገር ቤት ትተው አልሄዱም። እዚያው ሳሉ በመሰንቆ የታጀበ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከዚያ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በድምፅ መቅረጫ መልእክት ልከው ነበር። ለገበያ የሚሆን የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ ሲቀረጽ ግን የተሰማ የመጀመሪያው ነው ይባላል።

የዚያን ጊዜ አቀራረጽ እንዴት እንደነበር ብታውቁ የሰውየውን ብቃት ይበልጥ ታደንቃላችሁ። ማይክሮፎን የለም። በኤሌክትሪክ መቅረጽ የመጣው በ1925 ነው። ዘፋኙ ትልቅ መለከት በሚመስል ቀንድ ፊት ይቆማል። ድምፁ በቀንዱ ውስጥ አልፎ ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፣ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው መርፌም በሚሽከረከር ሰም ላይ ይጽፋል። ድምፅ ሲወጣ ራቅ፣ ሲወርድ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። እንደ መሰንቆ ያለ ለስላሳ መሣሪያ ለዚያ ቀንድ አስቸጋሪ ነው። መሃል ላይ ከተሳሳትክ ቆርጦ መቀጠል የለም፤ ሌላ ሰም ተደርጎ ከመጀመሪያው ይጀመራል። በዚያ ላይ የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ቢሆን ነው።

እስቲ አስቡት። ሌሊቱን ሙሉ በሚጫወቱበት ድግስ የለመደ ሙያ በሦስት ደቂቃ ሊታሰር ነው። ስሙን የሚጠሩለት እንግዳ የለም፣ እልል የሚል የለም፣ ተቀበል የሚባል ሰው የለም። ፊት ለፊት ያለው ቀንድ ነው። ሰሚው ተመርቶ ከሚወጣው ሸክላ ማዶ፣ ገና ያልታየ ሰው ነው። ተሰማ ይህን የቻሉት ጣታቸውና አንደበታቸው በብዙ ልምምድ ስለተገራ ነው ብለን እናምናለን። ፈጠራ ከሰማይ ዱብ የሚል ነገር አይደለም። እጅ የለመደውን ሲሠራ ነው ሐሳብ ነፃ የሚሆነው። መኪና የምንነዳ ሁሉ ይሄን እናውቀዋለን፤ መጀመሪያ ሰሞን ፍሬንና ነዳጅ ብቻ ስናስብ መንገዱን አናይም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው በፖለቲካው ወጀብ ውስጥ ገባ። በልጅ ኢያሱ ዘመን ወደ ላይ ወጡ፤ የፖስታ፣ የቴሌፎንና የቴሌግራፍ ሚኒስትር እስከመሆን ደረሱ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ሲወርዱ የእሳቸውም ሹመት አብሮ ወደቀ። ሹመት እንዲህ ነው፤ ሰጪው ሲወድቅ ይወድቃል። ግጥሙን ግን ማንም አልሰጣቸውምና ማንም አልነጠቃቸውም። እስከ ዛሬ ስማቸው ሲነሳ የሚታወሰው ሚኒስትርነታቸው ሳይሆን ቅኔያቸው ነው።

በ1921 ጅማ ላይ የተወለደው ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። አዎ፣ ያ የእግር ኳሱ ይድነቃቸው! ኢትዮጵያ በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ አሰልጣኙ፣ በኋላም እስከ ዕለተ ሞቱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበረው። የአባቱን ግጥሞች ሰብስቦ ለሰምና ወርቅ መጽሐፍ ያበቃውም እሱ ነው። ነጋድራስ ተሰማ በ1964 ዐረፉ። እነዚያ አሮጌ ሸክላዎች ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ውስጥ በ27ኛው ቁጥር እንደገና ወጡ። ጩኸቱና ኮሽታው አብሮ አለ፣ ድምፁ ግን አለ።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ምንድን ነው? ጊዜ እስኪገኝ እንጠብቅ ብንል ጊዜው አይመጣም። ተሰማን ንጉሡ ለዘፈን አላኳቸውም። ለሥራ ተልከው፣ ሥራውንም ሠርተው፣ ዘፈኑንም ጨመሩ። እኛ ዛሬ ቀንድ ፊት መቆም አያስፈልገንም፤ መቅረጫው በኪሳችን ነው። የጎደለን መሣሪያው አይደለም፣ የየቀኑ ሃያ ደቂቃ ነው። ከፈረቃ በኋላ፣ ወይ ኤርፖርት ወረፋ ስንጠብቅ፣ አንዲት ቅኝት ደጋግመን ብንለማመድ ከዓመት በኋላ ጣታችን ሌላ ጣት ይሆናል። በተለይ እዚህ ተወልደው አማርኛው የሚከብዳቸው ልጆቻችን አባታቸው ሲዘፍን ሰምተው ቢያድጉ፣ ከኛ በኋላ ድምፁን የሚፈልግ ሰው ይኖራል። ይድነቃቸው ባይሰበስበው ኖሮ ስንቱ ስንኝ ከሰውየው ጋር ይቀበር ነበር!

ስለዚህ ዛሬ ማታ ያንን ክራር ከግድግዳው አውርዱት። ክሩ ላልቶ ይሆናል፤ አጥብቁት። የተጫወታችሁትን ቅረጹና ላኩልን፣ በቀጣዩ ዝግጅታችን እናሰማዋለን። እስከዚያው ቸር ያሰንብተን።