ሮስ ፍሪማን፦ የቺፕን ንድፍ ከፋብሪካ ወደ መሐንዲሱ እጅ ያወረደው ሰው

በፈረንጆቹ 1948 በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት የተወለደው ሮስ ፍሪማን፣ ዛሬ በቴሌኮም ጣቢያዎች፣ በሕክምና መሣሪያዎችና በጠፈር መንኮራኩሮች ውስጥ የሚሠራውን ኤፍፒጂኤ የተሰኘ ቺፕ የፈለሰፈ መሐንዲስ ነው። የድካሙን ፍሬ በሙሉ ሳያይ በ41 ዓመቱ አርፏል።

ፍሪማን በ1969 ከሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመረቀ፤ በ1971 ደግሞ ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ። የሰላም ጓድ አባል ሆኖም በጋና ሒሳብ አስተምሯል። ኋላ ላይ ዚሎግ በተባለው የቺፕ አምራች ኩባንያ ተቀጥሮ ሠራ።

በዚያን ዘመን ለአንድ መሣሪያ የተለየ ቺፕ የሚፈልግ መሐንዲስ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ጌት አሬይን ነበር። ይህ ቺፕ ትራንዚስተሮቹ አስቀድመው ተደርድረው በከፊል ተሠርቶ ይቀመጣል፤ የደንበኛው ንድፍ ሲደርስ ፋብሪካው ትራንዚስተሮቹን የሚያገናኙትን የመጨረሻዎቹን የብረት ንጣፎች ይጨምርበታል። በብዛት ሲመረት የአንዱ ዋጋ ይረክሳል፤ ፍጥነቱም ጥሩ ነው። ነገር ግን ደንበኛው ለዝግጅቱ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር አስቀድሞ ይከፍላል፤ ሳምንታትንም ይጠብቃል። በንድፉ አንዲት ስሕተት ከተገኘች ክፍያውም ጥበቃውም እንደ አዲስ ይጀምራል። በተጠቃሚው ፕሮግራም የሚደረጉ ቺፖችም ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ከአነስተኛ ሥራ አያልፉም ነበር።

ፍሪማን ያሰበው ቺፕ ከፋብሪካ ሲወጣ የተወሰነ ተግባር የለውም። በውስጡ ያሉት የሎጂክ ክፍሎች ምን እንደሚሠሩና እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ የሚወስነው በማኅደረ ትውስታው ላይ የሚጫነው መረጃ ነው። መሐንዲሱ ስሕተት ቢያገኝ መረጃውን ለውጦ በዚያው ዕለት እንደገና ይሞክራል።

ይህ ነጻነት ግን በብዙ ትራንዚስተር የሚገዛ ነበር። ከቺፑ አካል ትልቁ ድርሻ ስሌቱን የሚያከናውን ሳይሆን ግንኙነቱን የሚያመቻች ነው። ትራንዚስተር ውድ በነበረበት ዘመን ይህ ለብዙዎች ብክነት ሆኖ ታያቸው። ፍሪማን በበኩሉ ትራንዚስተር በየዓመቱ እየረከሰ እንደሚሄድ፣ የመሐንዲስ ጊዜ ግን እንደማይረክስ ተገነዘበ።

የዚሎግን አመራሮች ማሳመን ስላልቻለ ሥራውን ለቀቀ። በ1984 ከጂም ባርኔትና ከበርኒ ቮንደርሽሚት ጋር ዛይሊንክስን መሠረተ። ኩባንያው የራሱን ፋብሪካ ከመገንባት ይልቅ ምርቱን ለጃፓኑ ሴይኮ ሰጠ። በ1985 የቀረበው የመጀመሪያው ቺፕ ኤክስሲ2064 የሎጂክ ክፍሎቹ 64 ብቻ ነበሩ።

አዲሱ ቺፕ የቀድሞውን ጥያቄ ጨርሶ አላስቀረውም። ንድፉ የተረጋገጠለትና በመቶ ሺዎች የሚያመርት ኩባንያ በጌት አሬይ ይጠቀማል፤ የመነሻው ወጪ በብዙ ቺፖች ላይ ስለሚከፋፈል ጉዳቱ አይሰማውም። ጥቂት መቶ መሣሪያዎችን የሚሠራ፣ ወይም ንድፉ ገና የሚለዋወጥበት ግን ለእያንዳንዱ ቺፕ የበለጠ ቢከፍልም በጠቅላላው ያተርፋል። በዚህም ለጌት አሬይ የመነሻ ክፍያ አቅም ያልነበረው አነስተኛ ድርጅት የራሱን ሎጂክ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ማበጀት ቻለ።

የፍሪማን የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ የተሰጠው በ1989 ነበር፤ እርሱም በዚያው ዓመት አረፈ። በ2009 ስሙ በአሜሪካ ብሔራዊ የፈልሳፊዎች የክብር መዝገብ ሰፈረ። የመሠረተው ኩባንያ በ2022 በኤኤምዲ ሲጠቀለል፣ የኤፍፒጂኤ ሎጂክ ክፍሎች ከ64 ተነሥተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሆነው ነበር።