ቨርነር ፎርስማን፦ የልብ ካቴተር ጀማሪ

ቨርነር ፎርስማን እ.ኤ.አ. በ1904 በበርሊን ተወለደ። በ1929 በኤበርስቫልደ ወጣት ሐኪም ሳለ፣ በሕያው ሰው ልብ ውስጥ መሣሪያ ማስገባት ለሞት እንደሚዳርግ ይታመን ነበር። ፎርስማን ግን የአለቃውን ክልከላ ተላልፎ፣ ለሽንት ቧንቧ የተሠራ ካቴተር በክንዱ ደም መልስ በኩል 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገፋ። በእግሩም ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ፣ ጫፉ ከቀኙ የላይኛው የልብ ክፍል መድረሱን በምስል አረጋገጠ።

ድርጊቱ ነቀፋ አስከተለበት። በበርሊን ሻሪቴ ሆስፒታል የነበረውን ሥራ አጥቶ ወደ ሽንት አካላት ሕክምና ዞረ፤ በ1932 የናዚ ፓርቲ አባል መሆኑም በታሪኩ ላይ የማይፋቅ ነቁጥ ነው። ዘዴውን በኒው ዮርክ ያዳበሩት አንድሬ ኩርናንድ እና ዲኪንሰን ሪቻርድስ ሲሆኑ፣ በ1956 ሦስቱም የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተጋሩ። ፎርስማን በ1979 አረፈ።

በ1994 ኡልሪሽ ሲግቫርት በለንደን፣ የልብን ግራና ቀኝ የሚለየው ግድግዳ ወፍሮ የደም መውጫቸውን ላጠበበባቸው ሕሙማን አዲስ ሕክምና ጀመረ። ደረት ሳይከፈት፣ ጥቂት ንጹሕ አልኮል በካቴተር ወደ ግድግዳው ደም ቅዳ ይላካል፤ የወፈረው ሥጋ በከፊል ከስሞ መውጫው ይሰፋል። ካቴተሩ የሚያልፍበት መሥመር ከ1929ኙ ቢለይም፣ ሕያው ልብ በቀጭን ቧንቧ ሊደረስበት እንደሚችል አስቀድሞ በገዛ አካሉ ያሳየው ፎርስማን ነበር።